ተራራ አስጨፋሪዋ

ሞላሌ ውስጥ ከግድግዳ እስከ መጋረጃ ቀይ የሆነ ፎቶ ቤት አንድ ብቻ ነበር። ቀይ ቀቢው ብዬ ማናለብሽን የመከርኳትም እኔ ነኝ። "ቀይ ደንበኛ ይጠራል" አልኳት። የጂኦግራፊ አስተማሪ ስለ ደንበኛ ምን ያውቃል ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ማናለብሽ ደግሞ የድሮ አስተማሪዋ ስለሆንኩ አመነችኝና የወንበሩን ጨርቅ ሳይቀር ቀይ አደረገችው። ያ ምክሬ ምን እንዳስከተለ ስደርስበት እናገራለሁ፤ ጥፋቴን የምደብቅ ሰው አይደለሁም።

ማናለብሽ የአቶ ወልደ ጻድቅ ልጅ ናት። አቶ ወልደ ጻድቅ ገብሳቸውን ከማረስ ሌላ ባና ይሠራሉ፤ ያንን ከበግ ጸጉር የሚሸመን፣ የመንዝን ብርድ የሚያሸንፍ ከባድ ልብስ። እሳቸው ቤት ሥራው የሚጀምረው በመሸመን ሳይሆን በመለየት ነው። ደጅ ላይ ግራጫማ፣ ዳልቻ ባና ይነጠፋል። የተሸለተው ጸጉር እሱ ላይ ይዘረገፍና ነጩ ለብቻ፣ ጥቁሩ ለብቻ፣ በነጭና በቡኒ መሐል ያለው ቡላው ለብቻ ይከመራል። ከዳልቻ ሌላ ምንም ነገር ላይ አይለዩም። "ነጭ ላይ ካስቀመጥሽው ሁሉም ይጠቁራል፣ ጥቁር ላይ ካስቀመጥሽው ሁሉም ይነጣል። ዳልቻ ግን ለማንም አያደላም" ይላሉ።

ልጅቱ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ስትለይ ነው ያደገችው። አባቷ በክምሯ አጠገብ ያልፋሉ፣ ጎንበስ ይላሉ፣ አንዲት ቁንጣሪ ያነሳሉ፣ "ይሄ ወደ ቡላ ያደላል" ይሉና ወደ ሌላው ክምር ይወረውሩታል። አሥር ዓመት ሙሉ አንድም ቀን "ደግ ለይተሻል" ብለዋት አያውቁም። ይህን የነገረችኝ እየሳቀች ነው፤ ግን ሦስት ጊዜ ነግራኛለች።

አሥረኛ ክፍል ጨርሳ ነጥብ ሳይመጣላት ሲቀር ደብረ ብርሃን አክስቷ ዘንድ ሄዳ ፎቶ ቤት ተቀጠረች። ከአራት ዓመት በኋላ አሮጌ ቪዲዮ ካሜራና ከሱ የማይሻል ኮምፒውተር ይዛ ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ጉርድ ፎቶ ታነሳለች፣ ሠርግ ትቀርጻለች። አባቷ ሥራዋን "ጥላ ለቀማ" ነበር የሚሉት። ፎቶ ቤቷንም ረግጠው አያውቁም።

በ2005 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ምንተስኖት ከአዲስ አበባ መጣ። የሞላሌ ልጅ ነው፤ ሲዘፍን ቆይቶ የመጀመሪያ ክሊፑን ሊያሠራ ነው። "የገብሱ ዘፈን በገብሱ ማሳ፣ በአገሬ ልጅ እጅ ይቀረጽ" አለ። ማናለብሽ ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ሦስት ቀን ደስታዋ እንቅልፍ ነሳት።

ቀረጻው ገደሉ አፋፍ ላይ ካለው ማሳ ሆነ። ገብሱ ደርሷል፣ ሰማዩ ደመና ነው፣ ነፋሱ ግን ሰው ይጥላል። የካሜራው ማቆሚያ አንድ እግሩ የለም፤ ባለፈው ዓመት ሠርግ ላይ ሞቅ ያለው ሚዜ ተቀምጦበት ነው የሰበረው። ስለዚህ በእጇ ይዛ ቀረጸች። ዋናዋ ጨፋሪ እትዬ ጠጄ ነበሩ። ስልሳ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ትከሻቸውን ሲጀምሩት ጎረምሳ ሁሉ ቦታ ለቆ ይቀመጣል። እኔም አዲስ ጃኬቴን ለብሼ በስተቀኝ ካሉት አጨብጫቢዎች ጋር ቆሜያለሁ። ይህን ያዙልኝ።

ኅዳር ሊያልቅ ሲል ከአዲስ አበባ ስልክ ተደወለ። ደዋዩ አቶ ምስክር ነው፤ ክሊፑን የሚያወጣው ሰው። ማናለብሽ እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

"እህት፣ ምስሉ እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል" አለ። "ቀለሙም አመድ ነው። እዚህ መናፈሻ ውስጥ በከተማ ጨፋሪዎች እንደገና እንቀርጸዋለን። ልብሱንም ገዝተናል።"

"እኔ አስተካክለዋለሁ" አለች።

"ይሄ እንዲህ ቀላል ነገር አይደለም። ማረጋጋት አለ፣ ቀለም ማስተካከል አለ፤ ለዚህ የተማረ ሰው ይፈልጋል።"

"እማራለኋ!"

ሰውየው ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ያ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። "እሺ፣ ለታኅሣሥ ገብርኤል ካደረስሽልኝ አየዋለሁ። ካለዚያ የኛን እንሠራለን" ብሎ ዘጋ። ያ ማለት ሃያ ሁለት ቀን ነው።

ምንተስኖትም ደወለ። "ማኔ፣ እኔ ያንቺን ነው የምፈልገው፤ የሚወስነው ግን እሱ ነው" አለ። እንደገና እንቀርጽ እንዳይባል ገብሱ ታጭዷል። ከኅዳር አሥራ አምስት ጀምሮ ደግሞ የነቢያት ጾም ገብቷል፤ በጾም እስክስታ ውረዱ ብትል እትዬ ጠጄ ቀርቶ ፍየልም አይታዘዛትም። እትዬ ጠጄ ደግሞ በቴሌቪዥን ልወጣ ነው ብለው ለአራት ደብር ሰው ተናግረዋል። መናፈሻው ከተቀረጸ በገበያ መሐል ዋሾ ሊባሉ ነው፤ ማናለብሽም እድሜ ልኳን ጉርድ ፎቶ ልታነሳ ነው።

እኔ እንድትተወው መከርኳት። ለሰው ልክ አለው፣ አቅምን ማወቅም ጥበብ ነው ምናምን አልኩ። አስተማሪ ሲፈራ ምሳሌ ያበዛል።

በማግስቱ ደብረ ብርሃን ሄዳ ትምህርቱን በፍላሽ ይዛ መጣች። አንድ ፈረንጅ ኮምፒውተሩ ላይ እየሠራ ያስረዳል። እንግሊዝኛውን ልተረጉምላት ከጎኗ ተቀመጥኩ። ሰውየው እንደ ጎርፍ ያወርደዋል፤ እኔ አንዷን ቃል ሳኝካት እሱ ሦስተኛው ገጽ ላይ ደርሷል። ግማሽ ሰዓት ታገሰችኝና ድምፁን ዘጋችው።

"ይተዉት መምህር፣ እጁን ልየው" አለች። "አባዬም በአፋቸው አስተምረውኝ አያውቁም።"

እውነትም ማውሱ የሚሄድበትን፣ የሚጫነውን እያየች በደብተሯ ላይ በሥዕል ገለበጠችው። አንዱን ትምህርት ዘጠኝ ጊዜ አየችው። እኔ ሻይ ላመጣ ወጣሁ፤ ከዚያ በኋላ ዋናው ሥራዬም እሱ ሆነ።

የመጀመሪያው ምስል ሰፊው ገደል ነበር። ሶፍትዌሩን አዘዘችው፣ ኮምፒውተሩ እያቃሰተ ሁለት ሰዓት ፈጀ፣ መብራት ሄደ፣ እንደገና ጀመረ። ሲጨርስ ያ ሲንቀጠቀጥ የነበረ ገደል ቀጥ ብሎ ቆመ። ጮኸች። እኔም ጮህኩ። በዚያ ደስታ የቀሩትን ምስሎች ሁሉ ባንድ ላይ አዘዘችና አንድ በአንድ ሳታይ በገበያው ዕለት ወደ ኮከቤ ሻይ ቤት ይዛቸው ሄደች። ኮከቤ ትልቅ ቴሌቪዥን አላት፤ ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። እትዬ ጠጄ ከፊት ተቀምጠዋል።

ገደሉ ታየ፣ ሰው አደነቀ። ምንተስኖት ታየ፣ ሰው አጨበጨበ። ከዚያ የእትዬ ጠጄ ምስል መጣ። ሴትዮዋ ስክሪኑን ሞልተው እንደ ምሰሶ ተገትረዋል። ትከሻቸው ንቅንቅ አይልም። ከኋላቸው ግን ተራራው፣ ካቡ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጣራና ሦስት ላሞች እስክስታ ይወርዳሉ! ላሞቹማ አንገታቸውን ሳይቀር ይሰብቁ ነበር።

ቤቱ በሳቅ ባንድ እግሩ ቆመ። ሻይ የደፋ አለ፣ እንባውን የሚጠርግ አለ። እትዬ ጠጄ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ተራራውን አዩትና "ምነው ልጄ፣ እኔን ገትረሽ ተራራውን አስጨፈርሽው? ይሁን፣ ከኔ ይሻላል!" አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ተራራ አስጨፋሪዋ ሆነ። ጉርድ ፎቶ ሊነሳ የመጣ ሁሉ "እኔን እንዳትገትሪኝ" ሳይል አይቀመጥም።

ከሰው ጋር አብራ ሳቀች። በማግስቱ ግን ፎቶ ቤቷን አልከፈተችም። ሳንኳኳ "አይምጡብኝ መምህር" አለችኝ ከውስጥ። ድምፅዋ ያለቀሰ ሰው ድምፅ ነበር፤ እኔም ከሳቁት አንዱ ስለነበርኩ አፍሬ ተመለስኩ።

እሷ ግን ከሰዓት በኋላ አባቷ ዘንድ ሄዳለች። አቶ ወልደ ጻድቅ ድሩን እየወጠሩ ነበር። የድሩ ጫፍ ራቅ ብሎ መሬት ከተተከለ ችካል ጋር ይታሰራል። ችካሉ ላልቷል፤ በሳቡት ቁጥር እየተነቃነቀ ድሩን ያንጋድዳል። ነቀሉት፣ ቦታ ቀይረው ከድንጋይ መሐል ተከሉት፣ ድሩም ቀጥ አለ። ማናለብሽ ሰላም እንኳ ሳትል ተመልሳ እየሮጠች መጣችና የኔን በር ደበደበችው።

"ችካሉን የተከልኩት እትዬ ጠጄ ላይ ነው!" አለችኝ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። "ኮምፒውተሩ የሚንቀጠቀጠውንና የሚጨፍረውን አይለይም። ስክሪኑን የሞላውን ነው መሬት የሚለው። ካቡ ላይ መትከል ነው ያለብኝ!"

ነገሩ ገባኝ። የገባኝ ደግሞ እሷ ስላስረዳችኝ ነው፤ ፈረንጁ አላስረዳኝም። ኮምፒውተሩ እትዬ ጠጄን ትቶ ከኋላ ያለውን የድንጋይ ካብ ብቻ እንዲያይ ሴትዮዋን በመስመር እየከበበች መሸፈን ነበረባት። በአንዲት ሰከንድ ውስጥ ሃያ አምስት ሥዕል አለ። ትከሻው በያንዳንዷ ሥዕል ቦታ ይቀይራል፤ መስመሩም አብሮት መቀየር አለበት። አራት ቀን ሙሉ ትከሻ ስትከብ ሰነበተች። በአምስተኛው ቀን ካቡ ካብ ሆነ፣ ተራራው ተራራ ሆነ፣ እትዬ ጠጄም ነፍስ ዘሩ።

አንድ ነገር ብቻ ጎደለ። ማረጋጋት ከምስሉ ጠርዝ ትንሽ ትንሽ ይበላል። በስተቀኝ ጠርዝ ላይ አንድ አህያና አንድ አዲስ ጃኬት የለበሰ አስተማሪ ነበሩ። አህያው ግማሹ ተርፏል።

ስድስት ቀን ሲቀር ቀለሙ ላይ ደረሰች። ይሄ ለሷ ቀላል ነው ብዬ ነበር፤ ጸጉር ስትለይ ያደገች ልጅ አይደለች? እሷም እንደዚያ ሳታስብ አልቀረችም። አመዱን አነሳች፣ ፊቶቹን አሞቀች፣ ገብሱን አበሰለች። ፎቶ ቤቷ ውስጥ ሆኜ ሳየው አፌን አስከፈተኝ። አሁንም ኮከቤ ዘንድ ሄደች፤ አሁን ግን ሰው ሳይበዛ በጠዋት፣ እትዬ ጠጄን ብቻ ጠርታ።

ቴሌቪዥኑ ላይ ሁሉም ሰው በርበሬ መስሎ ወጣ። የምንተስኖት አፍንጫ ፍም ነው። እትዬ ጠጄ አሁን አልሳቁም። "ልጄ፣ አረቄ ስገለብጥ ያደርኩ አስመሰልሽኝ እኮ" አሉ ቀስ ብለው። "ቆራቢዋ ጠጄ ሰክራ ጨፈረች ሊሉኝ ነው።" ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ከተራራው ሳቅ ይልቅ ማናለብሽን ይቺ አጎበጠቻት።

ፎቶ ቤቷ ተመልሳ ስታየው ምስሉ ደህና ነው። ኮከቤ ዘንድ ሲሄድ ቀይ ነው። ቴሌቪዥኑን ረገመች፣ ኮምፒውተሩን ረገመች። ሦስት ቀን ብቻ ሲቀራት በሩ ላይ አንድ ረጅም ሰው ቆመ። አቶ ወልደ ጻድቅ ናቸው። ለገበያ የያዙትን ባና ትከሻቸው ላይ ጥለዋል። የልጃቸው መሳቂያ መሆን ጆሯቸው ደርሶ ይሆናል፤ እሳቸው ግን "ዝናብ ሊመጣ ነው ብዬ ነው" አሉ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።

ገቡ። ወንበር ብንሰጣቸውም አልተቀመጡም። ኮምፒውተሩን አላዩትም፤ ግድግዳውን ነው የሚያዩት።

"ይሄን ቤት ማን ነው እንዲህ ያደረገው?" አሉ።

ማናለብሽ ወደኔ አየች። እኔ ጫማዬን አየሁ።

"ቀይ ውስጥ ተቀምጠሽ ነው ቀይ የምትለዪ?" አሉ። "ዓይንሽ ቀይ ጠግቧል። የጠገበ ዓይን ቀይ አይቶ ቀይ ነው አይልም፤ ጨምሪ፣ ጨምሪ ይልሻል። ዳልቻ ላይ ለዪ ብዬሽ አልነበር?"

ከትከሻቸው ባናውን አወረዱ። ዳልቻ ነበር። ከኮምፒውተሩ ኋላ ባለው ቀይ መጋረጃ ላይ ጣል አደረጉትና "እስኪ ውጪ ወጥተሽ ሰማይ እይና ተመለሽ" አሏት። ወጣች፣ ትንሽ ቆየች፣ ተመለሰች። ስክሪኑን ባየች ጊዜ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

"ወይኔ! ሁሉም ሰክሯል!"

አቶ ወልደ ጻድቅ ወደ ገበያ መሄዱን ተዉት። ከቤት ሦስት ባና አስመጡ፤ ሁሉም ዳልቻ። ግድግዳውን፣ በሩን፣ ቀዩን ወንበር ሳይቀር አለበስነው። ምስማሩን የመታሁት እኔ ነኝ፤ የንስሐዬ መጀመሪያ ይሁን ብዬ። ቤቱ የበግ ጋጣ መሰለ፣ የበግ ጋጣም ሸተተ። ደንበኛ በሩ ላይ ደርሶ ይመለስ ጀመር። እሷ ግን ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምራ በሁለት ቀን ሠራችው፤ በየሰዓቱ ወጥታ ሰማይ እያየች፣ ዓይኗን እያስራበች።

የጨረሰችው ምስል አሁንም ዓይኔ ላይ አለ። ገብሱ የበሰለ ገብስ ነው እንጂ ወርቅ አልሆነም። የደመናው ብርድ አለ፤ ሰው ግን አልገረጣም። የእትዬ ጠጄ ፊት የእትዬ ጠጄ ፊት ነው፣ የቀሚሳቸው ጥለት እንኳ ገበያ ላይ የሚታወቀው ያው ጥለት ነው። ፍላሹን በጨርቅ ጠቅልላ በአሥራ ስምንት ጠዋት ለአውቶቡስ ሹፌር ሰጠችው። ሹፌሩ "ምን ጉድ ነው የተጠቀለለው?" ቢላት "ተራራ ነው፤ ቀስ ብለህ ያዘው" አለችው። እንዲህ ስትቀልድ ሳያት ልቤ ሞላ።

የገብርኤል ዕለት ታቦት ሲገባ ስልኳ ጮኸ። ከቅጥሩ ወጥተን ካብ ሥር ቆምን።

"ቀለሙን የት አሠራሽው?" አለ አቶ ምስክር። ሰላምታ የለም።

"እዚሁ።"

"እዚሁ የት?"

"ሞላሌ። ፎቶ ቤቴ።"

"ማረጋጋቱንስ?"

"እሱንም።"

ቄሰ ገበዙ ያልፉ ነበርና እኔ ሰላምታ ሰጠሁ፤ ጆሮዬ ግን ስልኩ ላይ ነው። "የመናፈሻውን ትተነዋል" አለ በመጨረሻ። "በጥምቀት ሰሞን ይወጣል። ስምሽን በሙሉ ጻፊልኝ። እና ... ያ ቀለም እንዴት እንዲህ ልክ ሆነልሽ?"

ነገረችው፤ ስለ ቀዩ ግድግዳ፣ ስለ ዳልቻው ባና። ሰውየው አሁንም ሳቀ፣ ይሄኛው ግን ሌላ ሳቅ ነበር። "የኔ ስቱዲዮ ደግሞ ሰማያዊ ነው" አለ። "አባትሽ አራት ዳልቻ ባና ይሠሩልኛል?"

አቶ ወልደ ጻድቅ ትእዛዙን ሲሰሙ "አዲስ አበባ ደግሞ ምን ብርድ አለ?" አሉ።

"ለብርድ አይደለም አባዬ። ለዓይን ነው።"

"አሃ" አሉ፤ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። የዚያን ቀን ግን እንደወትሯቸው አልነበሩም፤ ሲሸምኑ ያንጎራጉሩ ነበር።

በጥምቀት ሰሞን ኮከቤ ሻይ ቤት በሩ ድረስ ሰው ሞላ። እትዬ ጠጄ ስክሪኑ ላይ ሲመጡና ትከሻቸውን ሲሰብቁት ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። ተራራው ዝም ብሎ ያያቸዋል። ከዚያ አንዲት ሴት እልል አለች፣ ቤቱም ተከተላት። እትዬ ጠጄ ተነሥተው "ትከሻዬ ነው! የኔው ትከሻ ነው!" እያሉ ደረታቸውን ደቁ። ተራራ አስጨፋሪዋ ያላት ጎረምሳ ሁሉ እየመጣ ጨበጣት። እኔም ተራዬን ጠብቄ ጨበጥኳት፤ "እንድተወው መክረውኝ አልነበር?" ብላ እጄን ያዝ አድርጋ አቆየችኝ። ይገባኛል።

መጨረሻ ላይ ስም መጣ። አቶ ወልደ ጻድቅ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል ቆጥረዋል፤ ሲያነቡ ግን በዝግታ ነው። "ቀለም ... ማ ... ና ..." እንዳሉ ጽሑፉ አለፈ።

በማግስቱ ጠዋት ፎቶ ቤቱ መጡ። "ያንን ነገር አቁሚልኝ" አሏት። አቶ ምስክር የላከላትን ቅጂ ከፍታ ጽሑፉ ላይ አቆመችው። ዳልቻ መሬት ላይ ነጭ ፊደል ነው። ጣታቸውን እያስኬዱ "ቀለም፣ ማናለብሽ ወልደ ጻድቅ" ብለው ጨረሱት። የራሳቸው ስም ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ትንሽ ቆመች። ከዚያ ጎንበስ አሉ፤ ልክ ክምር ላይ እንደሚያጎነብሱት።

"ነጩ ወደ ቡላ ያደላል" አሉ።

እኔ ደሜ ፈላ። ምነው ዛሬ እንኳ ቢተዉት ብዬ ልናገር አፌን ስከፍት እሷ ቀደመችኝ።

"አያደላም አባዬ" አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። "ነጭ ነው።"

ቀና ብለው አዩአት። ከጉያቸው የነጭ በግ ጸጉር ቁንጣሪ አወጡና ስክሪኑ ላይ ከፊደሉ አጠገብ ያዙት። ሁለቱን ረጅም ጊዜ አዩ። ቁንጣሪዋን ይዘው በር ላይ ወጡ፣ ሰማይ አዩ፣ ተመልሰው ገቡ፣ እንደገና ያዙት።

"ነጭ ነው" አሉ። ቁንጣሪዋን ጠረጴዛዋ ላይ አኖሯት። "ደግ ለይተሻል።"

ማናለብሽ ፊቷን ወደ ባናው አዞረች። እኔ ክፍል አለብኝ ብዬ ፈጥኜ ወጣሁ፤ ዕለቱ ቅዳሜ ነበር።